ከፍ ላለች መኪና የትኛው ኮንትሮል አርም ይሻላል? ለወሎ መንገድ የተደረገ ንጽጽር

ደሴ ላይ መኪና ከፍ ማስደረግ ቀላል ነው። የድሮው ሞላ ይወጣል፣ ረዘም ያለው ይገባል፣ ከሰዓት በኋላ ጨርሳችሁ ትወጣላችሁ። ጣጣው የሚጀምረው በማግስቱ፣ ሐረጎ ላይ ነው።

የእኔዋ ፕራዶ 120 ናት። ፊትና ኋላዋን 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ አስደረግኳት። በማግስቱ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ መሪው ቀለለኝ። መሪ ሲቀል ደስ የሚላችሁ ከሆነ ሐረጎን አታውቁትም። ኩርባውን ጨርሼ እጄን ላላ ሳደርግ መሪው በራሱ መመለስ ነበረበት። አልተመለሰም። እኔው ጎትቼ መለስኩት። ፊት ለፊቴ አንድ ሲኖትራክ ዳገቱን እያቃሰተ ይወጣል። ኮምቦልቻ ስደርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያገኘሁት ሰው ሁሉ ምክሩ አንድ ነበር፤ «የሚስተካከለውን ኮንትሮል አርም ግዛና ተገላገል።» ገዛሁ። አልተገላገልኩም። በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ቀየርኩ። ይህን የምጽፈው እናንተ አንዴ ብቻ እንድትከፍሉ ነው። የፋብሪካ ስም አልጠራም። ከስሙ በፊት የሚጠየቅ ብዙ ነገር አለ።

መጀመሪያ ከሥር እዩ

ኮንትሮል አርም ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዝ ክንድ ነው። አንዱ ጫፉ ሻንሲው ላይ በቦኮላ ይታሰራል፤ ክንዱ እንዲንቀሳቀስ የሚያስችል፣ ውስጡ ብዙ ጊዜ ጎማ የሆነ ቀለበት ነው፤ ቡሺንግ የሚሉትም አሉ። በሌላው ጫፍ ቦል ጆይንት አለ፤ በየአቅጣጫው የሚዞር የኳስ መጋጠሚያ ነው። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ክንዱ ይወርዳል፣ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ይነሳል።

ሁሉም መኪና ግን አንድ ዓይነት ክንድ የለውም። ይህን ሳያጣራ ዱባይ ላለ ዘመዱ «ኮንትሮል አርም ላክልኝ» ብሎ የደወለ ሰው አውቃለሁ። ዕቃው መጣ። እስከ ዛሬ አልጋ ሥር ነው።

ፕራዶ 90፣ 120 እና 150፣ ላንድክሩዘር 200፣ እንዲሁም ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠራው ሃይሉክስ ፊታቸው ላይ የላይና የታች ክንድ አላቸው፤ በመካከል ሞላ ቆሟል። የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ እነዚህ ናቸው። ላንድክሩዘር 100ም ክንድ አለው፤ በሞላ ፋንታ ግን ቶርሽን ባር ነው፤ እየተጠማዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራ ዘንግ። ላንድክሩዘር 78 እና 79፣ የድሮው 80፣ ኒሳን ፓትሮል ዋይ 60 እና ዋይ 61፣ ሱዙኪ ጂምኒ ደግሞ ፊታቸው ላይ የላይ ክንድ የሚባል የላቸውም። ከግራ ጎማ እስከ ቀኝ ጎማ አንድ ወጥ አክስል ነው። የእነሱ መፍትሔ ሌላ ስለሆነ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ከፍ ማድረግ ምኑን ያዛባል?

ብስክሌት አስቡ። የፊት ሹካው ቀጥ ብሎ አልተተከለም፤ አናቱ ወደ ነጂው ዘንበል ያለ ነው። እጅ ለቆ ለመንዳት የሚያግዘው ይህ ነው። መኪናም እንዲሁ ነው። ጎማው የሚዞርበት ዘንግ አናቱ በጥቂት ዲግሪ ወደ ኋላ ያጋደለ ነው። ካስተር የሚባለው ይኼ ነው። ለእነዚህ መኪኖች የፋብሪካው ልክ እንደየሞዴሉ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ገደማ ነው። ከፍ ስታደርጓት ይቀንሳል። ሲቀንስ መሪው ይቀላል፣ ከኩርባ በኋላ መመለስ ያቆማል፣ በፍጥነት ስትሄዱ መኪናዋ ትዋልላለች።

ሁለተኛው ካምበር ነው፤ ጎማው ከፊት ሲታይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉ። እሱ ሲዛባ ጎማ በአንድ ጠርዝ ይበላል። ሦስተኛው የሁለቱ ጎማዎች አፍንጫ መቀራረብና መራራቅ ነው። እሱ እንኳ በመሪው ዘንግ በቀላሉ ይስተካከላል።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው አያየውም። መኪናዋ ከፍ ስትል የላይኛው ክንድ ወደ ታች ዘቅዝቆ ይቀመጣል። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲንጠለጠል ክንዱ የበለጠ ይወርድና ሞላውን መንካት ይጀምራል። ቦል ጆይንቱም ከሚችለው ማዕዘን በላይ ይጎበጣል። ክሪክ አስነሡና ጎማውን አንጠልጥላችሁ በባትሪ እዩ። ሞላው ላይ የተፋቀ ቀለም ካለ ክንዱ እየነካ ነው።

ክንድ መቀየር የማያድነውንም ልንገራችሁ። ሲቪ ጆይንትን፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል ወደ ፊት ጎማ የሚያደርሰውን የዘንግ መጋጠሚያ አያድንም። ከፍታው ሲቪውን ካጎበጠው፣ የፈለጋችሁትን ክንድ ብትገጥሙ እንደጎበጠ ይቀራል። የሲቪው ሽፋን ላስቲክ በየጊዜው የሚቀደድባችሁ ከሆነ ከፍታውን ቀንሱ።

በምን እንመዝናቸው?

ሱቅ ስትገቡ ስለ ብረቱ ውፍረት ያወሩላችኋል። ውፍረት የሚያሳስብ ቢሆንም እኔ አይቼ የማውቀው ክንድ የተበላሸው ብረቱ ጋ አይደለም። መጋጠሚያው ጋ ነው። ስለዚህ የእኔ ሚዛን እንዲህ ነው።

ከሁሉ በፊት መጋጠሚያው፤ አቧራና ጭቃ ይችላል ወይ? በጋ ላይ የሚሌን አቧራ፣ ክረምት ላይ የደላንታን መረሬ ጭቃ የሚችል ነው የምንፈልገው። ቀጥሎ መለዋወጫው። ቦል ጆይንቱ ሲያልቅ ከፋብሪካው ዕቃ ጋር የሚመሳሰል ነው ወይስ እንደገና ከውጭ የሚታዘዝ? ሦስተኛው፣ የሚስተካከል ከሆነ የተስተካከለው ነገር በምን ታስሮ ይቆማል? አራተኛው ምን ያህል ካስተር ይመልሳል? ከዚያ ድምፁና ምቾቱ ይመጣል። ዋጋን መጨረሻ ያደረግኩት ስለማይጠቅም አይደለም። በብር ብጽፍላችሁ ግን ሳታነቡት ይለወጣል። ምንዛሪው በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የዕቃ ዋጋ በየወሩ ሌላ ነው። ስለዚህ ርካሽ፣ መካከለኛ፣ ውድ እያልኩ እሄዳለሁ።

ነባሩን ክንድ ማቆየት

ይህን አማራጭ ማንም አይነግራችሁም፤ የሚሸጥ ነገር የለውማ። ከፍታው ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ግን መጀመሪያ መሞከር ያለበት ይኼ ነው። በእነዚህ መኪኖች የታችኛው ክንድ ሻንሲው ላይ የሚታሰርበት ብሎን ቀዳዳው ከመሐሉ ፈቀቅ ያለ ሮንዴላ አለው። ሲዞር ክንዱን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይገፋል። ካስተርና ካምበር የሚስተካከለው በእሱ ነው።

ችግሩ፣ እኛ ሀገር ብዙ መኪና ላይ ይህ ብሎን ዝጎ ከቦኮላው የብረት እጅጌ ጋር አንድ ሆኗል። የጎማ ማዕዘን ወደሚስተካከልበት አላይመንት ቤት ትሄዳላችሁ፣ «አልዞር አለ» ይሏችኋል፣ አፍንጫውን ብቻ አስተካክለው ይሸኟችኋል። ቦኮላውንና ብሎኑን በአዲስ አስቀይሩና ተመለሱ። ከፍ ያሉ መኪኖች ሁለት ሦስቱ በዚህ ብቻ ሲድኑ አይቻለሁ። ወጪው ከሁሉም ያነሰ ነው። ልኩ ግን 5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ያበቃል። ብሎኑ እስከ መጨረሻው ዞሮ ካስተሩ አሁንም ያንሳል። ወይ ካስተሩን ታገኙና ካምበሩን ታጣላችሁ።

ማዕዘኑ ከፋብሪካ የተስተካከለ፣ የማይንቀሳቀስ ክንድ

ይህ ከፍ ላለች መኪና ተብሎ የተሠራ የላይ ክንድ ነው። ቦል ጆይንቱ የሚቀመጥበት ቦታ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሏል፤ ካስተሩ በእሱ ይመለሳል። አጎነባበሱም ሞላውን እንዳይነካ ተደርጓል። የሚዞር ጥርስ የለው፣ የሚላላ ዳዶ የለው። የቀረችውን ጥቂት ማስተካከያ በታችኛው ክንድ ብሎን ትጨርሳላችሁ።

ጉድለቱ ልኩ አንድ መሆኑ ነው። የተሠራው ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ለሚደርስ ከፍታ ከሆነ እዚያው ናችሁ። ነገ የፊት ዊንችና ከባድ የብረት መከላከያ ጭናችሁ መኪናዋ ዝቅ ብትል ወይም ሞላ ቀይራችሁ ከፍ ብትል፣ ክንዱ አብሯችሁ አይለወጥም።

ስትገዙ ሁለት ነገር ጠይቁ። ቦኮላው የጎማ ነው ወይስ ፖሊዩረቴን የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ? ቦል ጆይንቱ ይፈታል ወይስ ከክንዱ ጋር አንድ ላይ ነው? የማይፈታ ከሆነ ኳሱ ባለቀ ቀን ክንዱም አለቀ ማለት ነው። በአንድ ላስቲክ መቀደድ ሙሉ ክንድ መጣል ያናድዳል።

በቦል ጆይንቱ በኩል የሚስተካከል

ይህኛው ሻንሲው በኩል የጎማ ቦኮላ አለው፤ ማስተካከያው በሌላው ጫፍ፣ ቦል ጆይንቱ ጋ ነው። ቦል ጆይንቱ የተቀመጠበት ሳህን ይንሸራተታል፣ ወይም ከመሐሉ ፈቀቅ ያለ ክብ ሆኖ ይዞራል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ቦኮላው ድምፅ የለውም፣ ኳሱ በላስቲክ የተሸፈነ ነው፣ ማዕዘኑ ይለወጣል።

ሳህኑ በምን ታሰረ የሚለውን ግን እዩ። በብሎኖች መጠበቅ ብቻ ተማምኖ የቆመ ከሆነ፣ ኮረኮንች ላይ በሚሊ ሜትር በሚሊ ሜትር ይንሸራተታል። ጥርስ ለጥርስ የሚነክስ ወይም ቀዳዳ ለቀዳዳ በፒን የሚቆም ከሆነ ዋጋው ቢጨምርም እሱን ውሰዱ።

በጥርስ የሚረዝምና የሚያጥር፣ ባለ ኳስ መጋጠሚያ

እኔ መጀመሪያ የገዛሁት ይህን ነው። ሲያዩት ያምራል። ሻንሲው በኩል ያሉት ሁለቱ ጫፎች ትልልቅ ብሎን ይመስላሉ፤ ጫፋቸው ላይ ብረት ኳስ በብረት ቀለበት ውስጥ ይዞራል። ጫፉን ስታዞሩ ክንዱ ይረዝማል ወይም ያጥራል። አንዱን አስረዝማችሁ ሌላውን ብታሳጥሩ ቦል ጆይንቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ካስተር አገኛችሁ። እንደዚህ በነፃነት የሚስተካከል ሌላ የለም። ኳሱም ብዙ ማዕዘን ስለሚችል፣ ድንጋይ ለድንጋይ ለሚንፏቀቅና ለውድድር መኪና ተወዳዳሪ የለውም።

የገጠመልኝ ጋራዥ ሥራውን በአንድ ሰዓት ጨረሰ። መሪው ተመለሰ። ሐረጎን ወረድኩ፣ ወጣሁ፣ ደስ አለኝ። በክረምቱ አጋማሽ በኩታበር ወደ ወገልጤና ሄድኩ። የበሽሎ ቁልቁለት ላይ ከፊት ግራ ጎማ «ቋ» የሚል ድምፅ ጀመረ። ፍሬን ስይዝ ቋ፣ ስለቅ ቋ። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን እስከ መቅደላ ያስጎተቱት በዚህ ሸለቆ አሻግረው ነው። እኔ በአራት ጎማ መኪና ቁልቁለቱን መጨረስ አቅቶኝ በየኩርባው እቆማለሁ።

ወገልጤና ስደርስ ከሥር ገባሁ። የጥርሱ ማሰሪያ ዳዶ በጣቴ ዞረ። በጣቴ! ቁልፍ አላስፈለገኝም። ጥርሱ ዙሪያ ቀይ የዝገት ዱቄት ቀለበት ሠርቷል፤ ብረት ከብረት ሲፋጭ የሚወጣው ነው። ጎማውን በእጄ ስዳብሰው የውስጥ ጠርዙ ላይ ሽቦ ወጋኝ። ከውጭ ሲታይ አዲስ ጎማ ነው፤ ከውስጥ እስከ ክሩ ተበልቷል።

ጥፋቱ የክንዱ ብቻ አይደለም። ዳዶው በሚገባ አልጠበቀም ነበር፣ እኔም አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ አላየሁም። ይሁን እንጂ የሚስተካከል ነገር የሚላላ ነገር ነው። ይህን የሚከታተል ሰው ካልሆናችሁ አትግዙት። ዳዶውን አጥብቄ ሥራዬን ቀጠልኩ። በሁለተኛው ክረምት ደግሞ ኳሶቹ ራሳቸው መላላት ጀመሩ። ላስቲክ ሽፋን የላቸውም፤ ጭቃው ይገባል፣ ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። አንድ ወዳጄ ግሪስ ቀባሁት አለኝ። የባሰ ነው። ውስጡ ቴፍሎን የለበሰ ኳስ ግሪስ አይፈልግም፤ ግሪሱ አቧራ ሰብስቦ ይይዛል። በውኃ አጥቦ ማድረቅ ይበቃዋል።

የግድ ይህን የምትገዙ ከሆነ አንድ ልክ ያዙ። ባለ ጥርሱ ብሎን ውፍረቱ 20 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ከርዝመቱ ቢያንስ 20፣ ቢቻል 30 ሚሊ ሜትሩ ክንዱ ውስጥ መግባት አለበት። ብዙ ካስተር ፍለጋ ጥርሱን እስከ ጫፉ ያወጡ አሉ። በሁለት ዙር ጥርስ የተንጠለጠለች መኪና ውስጥ ቤተሰብ አይጫንም።

ቆርጦ መበየድ

ይህም ይቀርብላችኋል። «ነባሩን ቆርጠን፣ ወደ ኋላ ፈቀቅ አድርገን እንበይደዋለን።» ርካሽ ነው። በያጆቻችን ጎበዞች ናቸው፤ ሻንሲ ሲያድኑ፣ ጭነት ማሠሪያ ሲሠሩ አይቻለሁ። ይህ ክንድ ግን ፍሬን በተያዘ ቁጥር ከባድ ጉልበት ይሸከማል። ብየዳው አጠገብ ብረቱ በሙቀት ጠባዩን ይለውጣል፤ ስንጥቁ ከቀለም ሥር ይጀምርና ሳታዩት ያድጋል። የሚሰበረው ደግሞ ቆማችሁ ሳለ አይደለም። ቶርኖ ቤት የብረት እጅጌ ወይም ሮንዴላ ቢያወጡላችሁ ግድ የለም። ክንዱን ግን አታስቆርጡ።

ጎማ ወይስ ፖሊዩረቴን?

የቦኮላው ነገር ለብቻው ይነሣ። የጎማ ቦኮላ ዝም ይላል፣ ንዝረት ይውጣል፣ ግሪስ አይፈልግም። ፖሊዩረቴን ይጠነክራል፣ መሪውን ያጠራዋል፤ ግን በየጊዜው ራሱን የቻለ ግሪስ ካላገኘ እንደ አሮጌ በር ይጮኻል። ወሎ ውስጥ ለሥራ መኪና ጎማ እመርጣለሁ።

አንድ ልማዳችን ግን ይቅር። መኪና ሲታጠብ ከሥር ናፍጣ ማስረጨት። ባለስትራው ዝም ይላል፣ እውነት ነው። የጎማ ቦኮላውን ግን ናፍጣ ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል፣ ከዚያ ይቀደዳል።

| አማራጭ | የሚበቃው ከፍታ | አቧራና ጭቃ | ድምፅ | ክትትል | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ነባሩ ክንድ፣ አዲስ ቦኮላና ብሎን | እስከ 4 ሴ.ሜ | በጣም ጥሩ | የለውም | ትንሽ | ርካሽ |
| የማይንቀሳቀስ፣ ማዕዘኑ የተስተካከለ | ከ5 እስከ 7 ሴ.ሜ | ጥሩ | ትንሽ | ትንሽ | መካከለኛ |
| በቦል ጆይንቱ በኩል የሚስተካከል | ከ4 እስከ 7 ሴ.ሜ | ጥሩ | ትንሽ | መካከለኛ | ከመካከለኛ በላይ |
| በጥርስ የሚስተካከል፣ ባለ ኳስ | 5 ሴ.ሜ እና በላይ | ደካማ | ይጮኻል | ብዙ | ውድ |
| ቆርጦ መበየድ | ለምንም | – | – | – | ርካሽ መስሎ ውድ |

ወጥ አክስል ላላችሁ

ላንድክሩዘር 78ና 79 የያዛችሁ፣ ቀናችሁ። የእናንተ ነገር ቀለል ይላል። ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያሉት ፊታቸው በሞላ ነው፤ አክስሉን ሁለት ረዣዥም ክንዶች ከሻንሲው ጋር ይይዙታል። ክንዱ 1 ሜትር ገደማ ነው እንበል። መኪናዋ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ስትል አክስሉ በክንዱ ጫፍ ይሽከረከርና ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ካስተር ይሄዳል። ያላችሁ በሙሉ ማለት ይቻላል።

ርካሹ መፍትሔ ቀዳዳው ከመሐል ፈቀቅ ያለ ቦኮላ ነው። የጠፋውን ካስተር አብዛኛውን ይመልሳል። በአንድ በኩል ስስ ስለሚሆን ግን ቶሎ ያልቃል። ሁለተኛው የክንዱን ማሠሪያ በሻንሲው በኩል ዝቅ የሚያደርግ የብረት ሳጥን ነው። ለአስፋልትና ለፒስታ ጥሩ፤ ለድንጋይ ግን መጥፎ፣ ምክንያቱም ዝቅ ብሎ የሚንጠለጠል አንድ ተጨማሪ ነገር አገኛችሁ። ሦስተኛው አጎነባበሱ የተለወጠ አዲስ ክንድ ነው፤ ውዱም ጥሩውም እሱ ነው።

ካስተር ለማግኘት አክስሉን ስታሽከረክሩ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ወደ መሬት ይዞራል። የፊቱ ዘንግ ማዕዘኑ ይከፋል። 78ና 79 ላይ የፊት ጎማውን ከአክስሉ ዘንግ ጋር የሚቆልፈውን ፍሪ ሀብ ከለቀቃችሁና በሁለት ጎማ ከነዳችሁ የፊቱ ዘንግ ስለማይዞር ብዙም አይሰማችሁም። ሁልጊዜ በአራት ጎማ የሚሄደው 80 ላይ ግን ንዝረቱ ወንበር ድረስ ይመጣል። ባለ 80ዎች ካስተሩን እስከ ጥግ አትግፉት።

የፕራዶ ኋላም ወጥ አክስል ነው። አራት ክንድና አንድ አግዳሚ ዘንግ ይይዙታል። ከፍ ስትል አክስሉ በጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። ከኋላ ስትከተሏት ጎን ለጎን የምትሄድ ትመስላለች። እዚህ መጀመሪያ የሚገዛው የሚስተካከለው አግዳሚ ዘንግ ነው። የሚስተካከሉ ክንዶች የሚያስፈልጉት ካርዳኑ፣ ኃይል ወደ ኋላ አክስል የሚወስደው ረዥም ዘንግ፣ ንዝረት ከጀመረ ነው። ከክንዶቹ ደግሞ የታችኞቹን አስቀድሙ፤ ድንጋይ የሚመታቸው እነሱ ናቸው።

እንግዲህ ለማን የትኛው?

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ አዲስ አበባ ለሚመላለስና በወር አንዴ ሐይቅ ለሚወጣ ሰው፣ ከፍታውን በ4 ሴንቲ ሜትር ገድቦ ነባሩን ክንድ ማደስ ይበቃዋል። የተረፈውን ብር ጎማ ላይ ያውለው።

መቅደላ፣ ሳይንት፣ ደላንታ ለሥራ የሚመላለስ፣ ኦፓል ነጋዴውም ቢሆን፣ የመስሪያ ቤት ሾፌሩም ቢሆን፣ የማይንቀሳቀሰውን በጎማ ቦኮላ ይግዛ። ብልሽቱ የሚያገኘው ጋራዥ በሌለበት ነው፤ የሚላላ ነገር ባነሰ ቁጥር ይሻለዋል።

እንግዳ ይዞ ከላሊበላ ወርዶ በሚሌ ወደ ሰመራ የሚዘልቅ አስጎብኚ ሌላ ነው። ጭነቱ በየጉዞው ይለያያል፣ ጣራው ላይ ድንኳን፣ ኋላው ላይ ውኃ አለ። ለእሱ በቦል ጆይንቱ በኩል የሚስተካከለው ይመቸዋል፤ ጥርስ ለጥርስ የሚነክሰው ከሆነ ብቻ።

ባለ ኳሱን ለማን ልመክር? መኪናው ለሥራ ሳይሆን ለፍቅር የሆነለት፣ ቅዳሜ ጠዋት ከሥር ገብቶ ቁልፍ ሲይዝ ደስ የሚለው ሰው። እንዲህ ያለ ወዳጅ አለኝ። ደስተኛ ነው። ሚስቱ ግን ድምፁን ሰምታ ከሩቅ ታውቀዋለች።

በጀት ላጠረው ደግሞ፤ ሁለቱንም በአንዴ መግዛት ካልቻላችሁ የግራውን ዛሬ የቀኙን ለከርሞ አትበሉ። ክንድ በጥንድ ነው። ይልቅ ከፍታውን ቀንሱ። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ያለችንን ረዥም ዕድሜ ማኖር ግድ ሆኗል፤ ሁለት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት ሲቪውንም ያተርፋል።

ሲገጠም ቁሙበት

አሁን የገጠምኩትን የማይንቀሳቀስ ክንድ ያሠራሁት ሸዋ በር አካባቢ አንድ አንጋፋ መካኒክ ጋ ነው። ረዳቱ መኪናዋ በክሪክ እንደተሰቀለች የቦኮላውን ብሎን ሊያጠብቅ ሲል ጮኹበት።

«ተው! መሬት ሳትነካ አታጥብቅ።»

«ምን ለውጥ አለው ጋሼ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ጎማው ተንጠልጥሎ ካጠበቅከው ቦኮላው እዚያ ላይ ይቆነጠጣል። ስታወርዳት ተጠማዘዘ ማለት ነው። ሲጠማዘዝ ውሎ ሲጠማዘዝ ያድራል። በስድስት ወር ይቀደዳል።»

እውነታቸውን ነው። የጎማ ቦኮላ ብሎን የመጨረሻው ጥበቃ መኪናዋ በጎማዋ መሬት ላይ ቆማ ነው። ይህን አንድ ነገር ባለማድረግ ስንት ጥሩ ክንድ ተሰድቧል።

ከዚያ በፊት የፍሬኑ ቱቦና የኤቢኤስ ገመድ መሪው እስከ ዳር ዞሮ፣ ጎማው ተንጠልጥሎ እንዳይወጠሩ እዩ። ብሎኖቹን በሙሉ ካጠበቁ በኋላ ከዳዶው እስከ ክንዱ የምታልፍ አንዲት ነጭ የቀለም መስመር ሳሉ። መስመሯ ከተቆረጠች ዳዶው ዞሯል፤ ቁልፍ ሳትይዙ በዓይን ይታያል።

አላይመንት ስትሄዱ ከመስተካከሉ በፊትና በኋላ ያለውን ቁጥር በወረቀት ተቀበሉ። የግራና የቀኙ ካስተር ከግማሽ ዲግሪ በላይ ከተለያየ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ልትጎትት ትችላለች። «ጨርሰናል» ሲሏችሁ ወረቀቱን ጠይቁ። 500 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄዳችሁ በኋላ ተመለሱ፤ አዲስ ቦኮላ ቦታውን እስኪይዝ ትንሽ ይሸሻል። የፊት መብራቱንም አብራችሁ ዝቅ አስደርጉ፤ ከፍ ካለች ወዲህ የሚመጣውን ሾፌር ዓይን እየወጋ ነው።